ጭቃውን ተዉት ይድረቅ

ትናንት ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ሰማዩ ሲጠቁር ልብስ ከገመድ ላይ ላነሳ ወጣሁ፣ የግቢው በር ገርበብ ብሏል፣ ውሻችን ጎፈሬ የለም። ወዲያው ዝናቡ ወረደ። የጅማን ዝናብ ለምታውቁት መግለጽ አያስፈልግም፣ ለማታውቁት ደግሞ ሰማዩ ተቀደደ ብዬ ልለፈው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጌታው የት እንደዋለ እንጃ፣ ሆዱ ድረስ በቀይ ጭቃ ተለውሶ፣ ጅራቱ እንደ እርጥብ መጥረጊያ እየተጎተተ፣ በጣም ደስ ብሎት መጣ። እማዬ በረንዳ ላይ ቡና እየቆላች ነበር፣ አየችውና ከእሱ በፊት እኔ ላይ ጮኸች፣ "አንቺ፣ ውሃ እንዳታስነኪው!"

ሰው ቢሰማን ያበድን ይመስለዋል፣ ጭቃ የለበሰ ውሻ ሲመጣ ባልዲ ይዞ መሮጥ ነዋ የወጉ። እኛ ግን እዚህች ነጥብ ላይ ለመድረስ ስንት ነገር አይተናል፣ እና ሰሞኑን ሰፈር ውስጥ ጸጉራም ውሻ የሚያሳድግ ሰው እየበዛ ስለሆነ መንገድ ላይ እያስቆሙ ከሚጠይቁኝ አንድ ጊዜ ልጻፈውና ይለቅልኝ።

ጎፈሬን ያመጣው ወንድሜ ነው፣ ከአዲስ አበባ፣ የሁለት ወር ቡችላ ሆኖ፣ በካርቶን። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚኒባስ፣ ወሊሶ ላይ ወተት አጠጣው፣ ወልቂጤ ሳይደርሱ ወተቱን ወንድሜ ሱሪ ላይ መለሰው። ጀርመን ሼፐርድ ነው ተብሎ ነው የተገዛው፣ እናቱንም አባቱንም ወንድሜ በዓይኑ አይቷቸዋል፣ ሁለቱም ጸጉራቸው አጭር ነው። አራት አምስት ወር ሲሆነው ግን የጆሮው ጀርባ መንጨብረር ጀመረ፣ ቀጥሎ ጭኑ፣ ቀጥሎ ጅራቱ፣ ቀጥሎ አንገቱ ላይ የአንበሳ ነገር በቀለበት። ሰፈሩ በሙሉ "ተሸውዳችኋል፣ ዲቃላ ነው" አለን። ወንድሜ ተናዶ ሻጩ ጋ ሊደውል ሁሉ ነበር።

አልተሸወድንም። ረጅም ጸጉር የሚያመጣው ጂን ድብቅ ነው፣ እናትና አባት አንድ አንድ ይዘውት እነሱ ላይ ሳይታይ ይኖራል፣ ልጁ ከሁለቱም ሲወስድ ነው የሚወጣው። ከመጀመሪያውም ዝርያው ውስጥ ያለ ነገር ነው። ማክስ ፎን ስቴፋኒትስ የሚባለው የጀርመን ፈረሰኛ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1899 ዝርያውን መመዝገብ ከጀመረ በኋላ ለብዙ ዘመን ጸጉረ ረጅሞቹ እንደ ጉድለት ነበር የሚቆጠሩት፣ በዓለም አቀፉ መመዘኛ ረጅም ጸጉር ከነውስጥ ጸጉሩ እንደ ሙሉ ዓይነት የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ለእማዬ ይሄን ሁሉ ሳስረዳት "እሺ፣ ታዲያ ይሄን ጎፈሬ ማን ሊያበጥረው ነው?" አለች፣ ስሙ በዛው ወጣ። የሰፈር ልጆች ግን ሌንጫ ነው የሚሉት፣ በኦሮምኛ አንበሳ ማለት ነው፣ እሱ ለሁለቱም ይመጣል፣ በተለይ እጃቸው ላይ የሚበላ ነገር ካለ።

አሁን ዋናው ነገር። እንደ ጎፈሬ ዓይነት ውሻ ከላይ ካፖርት ከስር ጋቢ እንደለበሰ ሰው ነው። የላዩ ጸጉር ረጅም፣ ጠንከር ያለ፣ ትንሽ ወዛም ነው፣ ዝናብ ያንሸራትታል፣ ጭቃም ቶሎ አይገባበትም። ከስሩ ያለው ደግሞ ጥጥ የመሰለ ድፍን ያለ ለስላሳ ነገር ነው፣ ብርድም ሙቀትም የሚከላከልለት እሱ ነው። ካፖርቱ ቢረጥብ ችግር የለም። ጋቢው ከረጠበ ግን፣ ነሐሴ ላይ ጋቢ አጥቦ ሊያደርቅ የሞከረ የጅማ ሰው የቀረውን ራሱ ይጨርሰዋል።

እኔ ይሄን አላውቅም ነበር። በሁለተኛው ክረምት ጉድ ፈላ። ዓመት ከምናምን ሆኖት ነበር፣ ጸጉሩ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል፣ እኔ ደግሞ ንጽህና ወዳድ ነኝ ብዬ በቃ ጭቃ በነካ ቁጥር አጥበዋለሁ፣ በሳምንት ሦስቴ አራቴ፣ በባልዲ ውሃ፣ አንዳንዴ በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና (አዎ አውቃለሁ፣ አትስደቡኝ)፣ ከዛ ላዩን በፎጣ ጠረግ ጠረግ አድርጌ ቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ አስገባዋለሁ። ላዩን ስነካው ደረቅ ነው። ነሐሴ አጋማሽ ላይ መሽተት ጀመረ፣ የቆየ እርጥብ ካልሲ የሚሸተውን ሽታ፣ እኔ ቆሽሾ ነው ብዬ ይባስ አጠብኩት። አንድ ቀን ዳሌውን እየላሰ እየነከሰ አላስተኛ አለን፣ ጸጉሩን ልገልጥ ስሞክር አይገለጥም፣ እንደ ፍራሽ ተጋግሯል። ሐኪሙ ጋ ወሰድነው፣ የተጋገረውን በማሽን ሲላጨው ከስሩ የመዳፌን ያህል የተላጠ፣ ቀይ፣ እርጥብ ቁስል ወጣ። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሮ "ማነው እንዲህ የሚያጥበው?" አለኝ። የሌላ ውሻ ባለቤት በሆንኩ ብዬ ተመኘሁ።

የነገረኝ ነገር አጭር ነው። ጭቃ ውሻ አይጎዳም፣ ቆዳው ላይ የሚያድር እርጥበት ነው የሚጎዳው። ጭቃውን ተዪው ይድረቅ፣ ሲደርቅ አፈር ነው፣ አፈር ይራገፋል።

እና እንደዛ ነው የምናደርገው። ትናንትም ያደረግነው ይሄንኑ ነው። እማዬ ሁለት ያረጁ ጋቢዎች ለእሱ መድባለታለች፣ ከፎጣ ይሻላሉ በእውነት፣ ውሃ ይመጥጣሉ። ሲመጣ አይታሽም፣ መታሸት ነው ጸጉሩን የሚያቋጥረው፣ ጋቢውን ጣል አድርጎ ጫን፣ ጫን፣ ጫን ማድረግ ነው ውሃውን እስኪጠጣ። ከዛ በረንዳው ላይ የእንጨት ርብራብ አለችው፣ ከመሬት አንድ ጫማ ከፍ ያለች፣ ከስር አየር የሚገባባት፣ እሷ ላይ ይተኛል። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ጭቃው ደርቆ መፈረፈር ጀመረ። ዛሬ ጠዋት አበጠርኩት፣ ግማሽ አካፋ የሚሆን ቀይ አፈር ከስሩ ጠረግሁ፣ ጸጉሩ እያበረቀ ሄደ። አንድ ጠብታ ውሃ ሳይነካው።

ማበጠሩ ራሱ ግን ቀላል አይደለም፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። መጀመሪያ ከሱቅ በገዛሁት የሰው ብሩሽ ነበር የማበጥረው፣ ጀርባውን ቡርሽ ቡርሽ፣ ያምራል፣ ያበራል፣ ጨረስኩ እላለሁ። የላዩን ብቻ ነው ለካ የማለሰልሰው፣ ከስር ቋጠሮው እየተጋገረ ነው። ወንድሜ በኋላ ከአዲስ አበባ የውስጥ ጸጉር የሚጎትት ጥርሰ ረጅም ማበጠሪያ ላከልኝ፣ ጥሩ ነው፣ ግን እሱ እስኪመጣ ድረስ የሠራልኝ የእማዬ ሚዶ ነው። የእንጨት ሚዶ፣ ጥርሱ ሰፋፊ፣ ከአያቴ የቀረ። ሰርቄ ነው የተጠቀምኩት። ስትይዘኝ የተናገረችውን አልጽፈውም፣ "በእናቴ ሚዶ ውሻ!" የሚለው የሚጻፈው ክፍል ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ውሻውን በጎኑ ማስተኛት። ከታች መጀመር፣ ከኋላ እግሩ ጭን፣ ከዛ ወደ ሆድ፣ ከዛ ወደ ጎን። በግራ እጅ ጸጉሩን ወደ ላይ ሰብስቦ መያዝ፣ ልክ ሹሩባ የምትሠራ ሴት ጸጉር እንደምትከፍለው፣ ቆዳው እንደ ቀጭን ነጭ መስመር እስኪታይ። ከመስመሩ በታች ያለችውን ብቻ ወደ ታች ማበጠር፣ ከዛ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ሌላ መስመር። ቆዳው ካልታየ አላበጠራችሁም፣ ነገርዬው ይሄው ነው። ጎፈሬን እንደዚህ ሙሉውን ማበጠር አንድ ሰዓት ከሩብ ይፈጅብኛል፣ በሳምንት ሁለቴ፣ ጸጉር የሚያራግፍበት ሰሞን ደግሞ በየቀኑ ነው ማለት ይቻላል። ያኔ የሚወጣውን ብታዩት ሌላ ውሻ ይሠራል፣ ረከቦት ላይ፣ ሲኒ ውስጥ፣ አንድ ቀን የጎረቤት ሴትዮ ሁለተኛውን ቡና ፉት ልትል ስትል ቀስ ብላ ከአፏ ጫፍ ረጅም ጸጉር ስትጎትት አየኋት፣ ምንም አላለችም፣ ጨዋ ናት፣ ሦስተኛውን ግን አልጠጣችም።

ቋጠሮ የሚወድባቸው ቦታዎች አሉ፣ ከጆሮ ጀርባ፣ ብብት፣ የኋላ ጭን ላይ ያለው ጨፈቃ፣ ከጅራት ስር። ማንገቻ የሚታሰርለት ከሆነ ማንገቻው የሚያሽበት ቦታም። ትንሽ ቋጠሮ ኮርንፍሎር ነስንሶ በጣት ወደ ርዝመቱ መከፋፈል፣ ከዛ ከጫፉ ጀምሮ እየፈቱ ወደ ቆዳው መጠጋት ነው እንጂ ከስሩ መጎተት አይደለም፣ ያመዋል፣ በሚቀጥለው ማበጠሪያውን ሲያይ ይሸሻል። መቀስ ደግሞ... እኔ በመቀስ ከጆሮው ጀርባ ቋጠሮ ልቆርጥ ብዬ ቆዳውን ቆርጫለሁ። የውሻ ቆዳ ልል ነው፣ ቋጠሮውን ስትጎትቱት ቆዳው አብሮ ይነሳል፣ ጸጉር የቆረጣችሁ መስሏችሁ ቆዳ ትቆርጣላችሁ። አልነከሰኝም፣ ቀና ብሎ አየኝ ብቻ፣ ቢነክሰኝ ይሻለኝ ነበር። አሁን መቀስ የግድ ከሆነ መጀመሪያ ሚዶውን በቆዳውና በቋጠሮው መሃል አስገባለሁ፣ ከሚዶው በላይ ያለውን ብቻ ነው የምቆርጠው።

ሰፈራችን ያለው ጸጉር አስተካካይ የካቲት ላይ ፀሐዩ ሲበረታ አዝኖለት "አምጪው በቶንዶስ ሙልጭ ላድርግልሽ፣ ይተንፍስ" ብሎኝ ነበር። ልቡ ጥሩ ነው። ግን እንደዚህ ዓይነት ውሻ አይላጭም፣ ያ ድርብ ጸጉር ፀሐዩንም ከቆዳው የሚያርቅለት ነው፣ ውሻ ደግሞ እንደ እኛ በቆዳው አልቦ አይደለም የሚቀዘቅዘው፣ በማለክለክ ነው በዋናነት፣ እና ከተላጨ በኋላ ጸጉሩ ቦታ ቦታ ሆኖ፣ ጥጡ ከላዩ ቀድሞ ተንጨባሮ ሊመለስ ይችላል። የውስጡ የሞተ ጸጉር ተበጥሮ ከወጣለት አየር ይገባዋል፣ ያው መተንፈስ ማለት እሱ ነው። የሚቆረጠው የእግሩ ጣቶች መሃል ያለው ጸጉር ብቻ ነው፣ እዛ ጭቃ ሲደርቅ ጠጠር ይሆንና ያነክሰዋል።

መታጠብ የለም ማለቴ አይደለም። በሁለት ወር አንዴ፣ ፀሐይ ያለበት ቀን ተመርጦ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተጀምሮ፣ ከሰዓት በኋላ ዝናብ የመምጣት ሐሳብ ካለው አይታጠብም። ቀድሞ መበጠር አለበት፣ ምክንያቱም ቋጠሮ ውሃ ሲነካው እንደ ገመድ ይጠብቃል። የውሻ ሻምፖ በጆግ ውሃ ቀጥኖ፣ ማለቅለቁ ከማጠቡ ሁለት እጥፍ ጊዜ ይወስዳል። ከዛ ጋቢ፣ ከዛ ፎን፣ እህቴ ጸጉር ቤት ስለነበራት አሮጌ ፎን አለችን፣ ግን በቀዝቃዛው ነው፣ በሙቁ ቆዳው ይቃጠላል። ደርቋል ወይ የሚለውን በዓይን አትመኑ፣ ጣታችሁን እስከ ቆዳው ስር አስገቡ፣ አንገቱ ስር፣ ዳሌው ላይ፣ ጆሮው ጀርባ፣ ጣታችሁ ከቀዘቀዘው ገና ነው።

መዥገር ሌላ ጣጣ ነው። ይሄ ሁሉ ጸጉር እያለ ዓይናችሁ አያየውም፣ በጣት ነው የሚፈለገው፣ ስታበጥሩ በየመስመሩ። ጆሮ ውስጥ፣ ጣቶቹ መሃል፣ ከጅራቱ ስር። በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ፣ ጋዝ መቀባት፣ በክብሪት ማቃጠል የሚሉትን ተዉት። አንዳንድ ሰው የከብት መዥገር መድኃኒት በግምት በጥብጦ ይረጨዋል፣ ውሻ ጸጉሩን ይልሳል፣ የተረጨውን በሙሉ ጠጣው ማለት ነው። አይቨርሜክቲንም እንደዛው፣ የከብቱን መርፌ በሰፈር አዋቂ ማስወጋት አይሆንም፣ በግ ጠባቂ ከሆኑት ዝርያዎች ውስጥ መድኃኒቱ ጭንቅላታቸው ውስጥ ገብቶ የሚመርዛቸው አሉ፣ በጂን ነው፣ ኮሊ ላይ ይበዛል፣ ጀርመን ሼፐርድም ላይ ይገኛል። ሐኪም ጠይቁ። መስከረም ጥቅምት ደግሞ ጭጎጎቱ አለ፣ አንዴ ሜዳ ሄዶ ከመጣ ጭኑ ላይ አንድ እርሻ ይዞ ይመጣል፣ ያን ቀን እማዬም ወንበር ስባ ታግዘኛለች፣ ጭጎጎት መልቀም ምስር እንደመልቀም ነው ትላለች።

ምግብ። "ይሄ ግዙፍ ስንት ይበላል?" ነው ሁሌ የመጀመሪያ ጥያቄ። በቀን አንድ ኪሎ ገደማ የተቀቀለ ምግብ፣ ግማሹ ጠዋት ግማሹ ማታ። ሁለት ቦታ የሚከፈለው ለቅንጦት አይደለም፣ ትልቅ ደረቱ ጥልቅ የሆነ ውሻ ሆዱን ሞልቶ ወዲያው ሲሯሯጥ ጨጓራው በአየር ተነፍቶ ሊጠመዘዝ ይችላል፣ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ሆዱ እየተነፋ፣ ለማስመለስ እየታገለ ምንም ካልወጣው ነገ አትበሉ፣ በዛው ሰዓት ሐኪም ጋ ሩጡ።

የራሱ ድስት አለው፣ ውጪ በከሰል ነው የሚሠራው። ሩዝ ወይ የበቆሎ ቅንጬ፣ ዱባ ወይ ካሮት፣ ከስጋ ቤት ልፋጭ፣ ልብ፣ ጨጓራ፣ ሳንባ። አልፎ አልፎ ከጊቤ ግድብ የሚመጣ ዓሣ ስናገኝ ጭንቅላቱን ቀቅለን እሾሁን ለቅመን። እንቁላል በሳምንት ሦስት፣ ቅርፊቱም አይጣልም፣ ደርቆ ተወቅጦ እንደ ዱቄት ሆኖ በቀን አንድ የሻይ ማንኪያ፣ አጥንት ስለማንሰጠው ለካልሲየም (ለቡችላ ግን ሐኪም ሳይጠየቅ እንዳይሰጥ፣ ለትልልቅ ዝርያ ቡችላ ካልሲየም ሲበዛ አጥንቱ ተበላሽቶ ያድጋል)። የተቀቀለ አጥንት አይሰጥም፣ ይሰነጠቃል። የኛ ወጥ ደግሞ ፈጽሞ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻ ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፣ እና ሽንኩርት የሌለበት ወጥ ካላችሁ ንገሩኝ። ፍርፋሪ በልተው ያደጉ ውሾች የሉም ወይ ትሉኛላችሁ፣ አሉ፣ ጸጉራቸውን ግን እዩት። ጸጉር ፕሮቲን ነው፣ ይሄን ሁሉ ጸጉር የሚያበቅል ውሻ በእንጀራ ብቻ ከዋለ መጀመሪያ የሚከዳው ጸጉሩ ነው፣ ይደርቃል፣ ይሰባበራል፣ የተሰባበረ ጸጉር ደግሞ ቶሎ ይቋጠራል።

ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ፊኛ የመሰለ ነገር ካያችሁ ለውሻ አትወርውሩት። ስጋ ቤት "ለውሻ ይሆናል" ብለው የሚሰጡት እሱን ነው አንዳንዴ። ጥሬውን ከበላው አንጀቱ ውስጥ በጣም ጥቃቅን የኮሶ ዘመድ ይሆናል፣ እሱን ምንም አይለውም፣ እንቁላሉ ግን ከሰገራው ጋር ወጥቶ ጸጉሩ ላይ ይቀራል፣ እንደ ጎፈሬ ዓይነት ጭኑ ላይ ጨፈቃ ያለው ሲሆን አስቡት፣ ጸጉሩን ዳብሶ እጁን ሳይታጠብ የበላ ልጅ ጉበት ወይ ሳንባ ውስጥ ያው የውሃ ፊኛ ያድጋል፣ ከዓመታት በኋላ ነው የሚታወቀው። እኛ የተቋጠረ ካለበት እንቀብራለን፣ የቀረውንም ከግማሽ ሰዓት በላይ አፍልተን ነው። የትል መድኃኒቱን በየሦስት ወሩ፣ የእብድ ውሻ ክትባቱን በየዓመቱ፣ እሱ ላይ ቀልድ የለም።

ጾም ሲገባ ምን ትሆናላችሁ የሚለኝ ሰው አለ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ የክርስቲያን ስጋ ቤቱ ይዘጋል፣ ጅማ ግን ጅማ ናት፣ መርካቶ የሙስሊም ስጋ ቤቶቹ ክፍት ናቸው። እማዬ ለእኛ ከዛ አታስገባም፣ ለእሱ ግን ራሷ ነጠላዋን አጣፍታ ትሄዳለች፣ ሻጩ ያውቃታል፣ "የሌንጫው እናት መጡ" ይላታል። በጾም ጊዜ የሱ ስጋ ሲንተከተክ ድስቱን በረጅም ማማሰያ ከሩቅ ነው የምታማስለው፣ አፍንጫዋን በነጠላ ይዛ።

አቮካዶ ደግሞ ሳልናገር። ግቢያችን አንድ ዛፍ አለ፣ ሲወድቅለት ይበላል፣ በአንድ ሰሞን በጣም ወፈረ፣ ሆዱም ተበላሸ፣ የምግቡን ልክ ሳንጨምር ምን አወፈረው ብለን ስንጨነቅ ከዛፉ ስር አገኘነው። ከስቡ ይልቅ የመሃሉ ፍሬ ነው የሚያስፈራኝ፣ ከዋጠው አንጀት ይዘጋል። አሁን ጠዋት ጠዋት እሱ ሳይነሳ የወደቀውን እለቅማለሁ።

ቡናው ነው የባሰው። ቡና ለውሻ መርዝ ነው፣ ካፌይን ልቡ ላይ ነው የሚሄደው። በቡና አገር ሆኖ ይሄን መናገር ያስቃል ግን አንድ ቀን እማዬ የቆላችውን ሰፌድ ላይ ዘርግታ ሙቀጫ ልታመጣ ስትገባ ጎፈሬ አንድ እፍኝ ያህል ጠርጎ በላ። መጀመሪያ ሳቅን። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ማለክለክ፣ መዞር፣ መንቀጥቀጥ፣ ደረቱ ላይ እጄን ሳደርግ ልቡ ከበሮ ነው። ሐኪሙ እንዲያስመልስ አደረገው፣ የተረፈው ቶሎ በመምጣታችን እንደሆነ ነገረን፣ ሌሊቱን ግቢ ውስጥ ሲዞር አደረ፣ እኛም አብረነው። ከዛ ወዲህ አተላው እንኳ አበባ ስር አይደፋም፣ ጎረቤቶች ጥቅምት ኅዳር ላይ ቡና አልጋ ላይ ሲያሰጡ ደግሞ ጎፈሬ አይወጣም፣ ቀዩ ገለባ ጣፋጭ ነው፣ ይወደዋል።

ከግድግዳ ባሻገር ያሉት ጎረቤታችን ሐጂ ቡና ነጋዴ ናቸው። ውሻ አይነኩም፣ የውሻ ምራቅ ከነካቸው ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ መታጠብ አለባቸው፣ እኛም ስለምናውቅ ለሶላት በሚወጡበት ሰዓት በሩን እንዘጋለን፣ ልብሳቸው ተሰጥቶ ከሆነ ጸጉሩ በነፋስ እንዳይሄድባቸው ጓሮ ወስጄ ነው የማበጥረው። የትል መድኃኒት በክብደት ነው የሚሰጠው፣ እኛ የምንሰጠው ለ10 ኪሎ አንድ ፍሬ ነው፣ እና ይሄን ውሻ በምን ልመዝነው ብዬ በር ላይ ቆሜ ከእማዬ ጋር ሳወራ ሐጂ ሰምተውኝ "ልጄ፣ የቡናው ሚዛን አለ አይደል" አሉኝ። ደነገጥኩ። "ሐጂ፣ ውሻ እኮ ነው" አልኳቸው። "ደረቅ ነው?" አሉኝ። ደረቅ ነው አልኩ። "ደረቅ ከደረቅ ጋር ምንም የለውም፣ እርጥብ ነው የሚያስቸግረው፣ ማዳበሪያ ጣል አድርጊበትና አውጪው፣ አፉን ብቻ ያዢልኝ።" ሐኪሙ የነገረኝን ነገር በሌላ መንገድ መጥተው እሳቸው ነገሩኝ። ጎፈሬ ሚዛኑ ላይ እንደ ጆንያ ቆሞ ጅራቱን ሲያወዛውዝ ቁጥሩ አልቆም አለ፣ ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው ከሦስት እርምጃ ርቀት እየሳቁ አነበቡልኝ፣ 38 ኪሎ። ከዛ ወዲህ በየሦስት ወሩ እዛው ነው የሚመዘነው፣ ፍሬዎቹን በሙዝ ጠቅልዬ ነው የምሰጠው፣ አራቱንም ሳያኝክ ይውጣል።

ይሄን ስጽፍ እማዬ በረንዳ ላይ ናት፣ ዝናቡ ደግሞ ጀምሯል። ወንድሜ የላከልኝን ማበጠሪያ፣ ይቅር ይበለኝ፣ ትወቅሰዋለች፣ ብረት ነው፣ ይቧጭረዋል ትላለች። ርብራቡ አጠገብ በርጩማዋን አድርጋ የጆሮውን ጀርባ በአያቴ ሚዶ እየከፈለች ነው። ለራሷ ባለፈው ቅዳሜ ፕላስቲክ ገዝታለች።